ከልጆቹ በፊት ላሞቹ ለምን ተቆጠሩ? በ1641ዱ የአየርላንድ ዓመፅ ስለ ሰፋሪዎች ኪሳራ የተደረገ ክርክር

መነሻ ጽሑፍ

በኢንተርኔት መወያያ መድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው የታሪክ ተማሪ የሆነ ወጣት ነው። ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ የተቀመጡትን የ1641 ዓመፅ የምስክርነት ቃሎች ከኢንተርኔት እያወጣ ሲያነብ ሰንብቷል። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቃሎቹ 8,000 ያህል ይሆናሉ። በ31 ጥራዝ ተጠርዘው ከ1741 ጀምሮ ኮሌጁ ውስጥ ኖረዋል፤ ከ2010 ወዲህ ደግሞ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያያቸው ይችላል። ቃላቸውን የሰጡት በአብዛኛው ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ መጥተው አየርላንድ የሰፈሩ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ገበሬው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው፣ ነጋዴው፣ ቄሱ፣ መበለቷ።

ልጁን ያላስቻለው የቃሎቹ አቀማመጥ ነው። አንዲት መበለት ከሰሜን አየርላንድ፣ ከአልስተር ሸሽታ ደብሊን ትገባለች። በቄሶች ፊት ትምላለች። ስሟና የኖረችበት ሰበካ ይጻፋል፤ ወዲያው ዝርዝሩ ይቀጥላል። ላሞች ይህን ያህል ፓውንድ፣ ፈረሶች ይህን ያህል፣ የተከመረ አጃና ድርቆሽ፣ አልጋና አንሶላ፣ የናስ ድስት፣ ገና ያላለቀ የመሬት ኪራይ ዘመን፣ ለሰው ያበደረችው ገንዘብ፣ ከዚያ ድምሩ። ባሏ እንዴት እንደሞተ፣ ልጆቿ መንገድ ላይ እንዴት በብርድ እንዳለቁ የሚመጣው ከድምሩ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ቃል አንድና ሁለት አይደለም፤ በየጥራዙ ሞልቷል።

ልጁ ከዚህ ተነሥቶ ሁለት ነገር ጻፈ። አንደኛው ጥያቄ ነው፤ ከልጆቿ በፊት ላሞቿን የምትቆጥር እናት ምን ዓይነት እናት እንደሆነች ጠየቀ። ሁለተኛው አቋም ነው፤ መሬቱ ከአየርላንዳውያን የተነጠቀ ስለሆነ ሰፋሪው ኪሳራ ደረሰብኝ ሊል እንደማይገባው፣ ዝርዝሮቹም ካሳ ለማግኘት የተጋነኑ ሂሳቦች ናቸው ብሎ እንደሚያምን ገለጸ።

ክሩን ከላይ እስከ ታች ተከታትዬዋለሁ፤ አንዱ ምላሽም የእኔ ነው። በኋላ ለሚመጣ አንባቢ ይጠቅማል ብዬ ምላሾቹን በቁጥራቸው እተርካለሁ።

ምላሽ 1
አንድ አባል ልጁን አመስግኖ ስለ ዓመፁ ምንም እንደማያውቅ፣ ሰፋሪ የተባሉትም እነማን እንደሆኑ ከመነሻው እንዲነገረው ለመነ።

ምላሽ 2
መልሱን የሰጡት አባላቱ ጋሼ እያሉ የሚጠሯቸው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከ1607 ጀመሩ። በዚያ ዓመት የአልስተር ታላላቅ የአየርላንድ መሳፍንት በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሰደዱ፤ የእንግሊዝ ዘውድ መሬታቸውን ወረሰ። ከ1609 ጀምሮ አርማ፣ ካቫን፣ ዶኔጋል፣ ፈርማና፣ ታይሮንና ኮለሬን የተባሉት ስድስት አውራጃዎች ተሸንሽነው ለሰፋሪዎች ታደሉ። ትልቁን ድርሻ የወሰዱት ባለሀብቶች ከ1,000 እስከ 2,000 ኤከር ሲሰጣቸው ግንብ እንዲሠሩና ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ገበሬ አምጥተው እንዲያሰፍሩ ግዴታ ገቡ። ለዘውዱ የሚከፍሉት ግብር በ1,000 ኤከር 5 ፓውንድ ከ6 ሺሊንግ ከ8 ፔኒ ነበር። ታማኝ ተብሎ መሬት የተተወለት አየርላንዳዊ ግን ለዚያው ስፋት 10 ፓውንድ ከ13 ሺሊንግ ከ4 ፔኒ፣ ማለትም ልክ እጥፉን ይከፍላል።

ጋሼ ያሰመሩበት ነገር ከዚህ ይቀጥላል። በሰፈራው ደንብ መሠረት ባለሀብቶቹ አየርላንዳውያንን ጭሰኛ አድርገው እንዳያስቀምጡ ተከልክለው ነበር። ነገር ግን አየርላንዳዊው ከአባቶቹ ቀዬ ላለመነቀል ሲል ከፍ ያለ ኪራይ ስለሚከፍል፣ ባለሀብቶቹ ደንቡን ወደ ጎን ብለው አስቀመጡት። ስለዚህ ሰፋሪው ገበሬ ጎረቤቱ፣ ሠራተኛው፣ ከብት አጋዡ ሁሉ መሬቱ የእኔ ነበር የሚል ሰው ሆነ። ለተራው ሰፋሪ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ደርሶበታል ብለው ነው የደመደሙት።

ምላሽ 3
ጋሼን በአክብሮት ያረመ ሰው መጣ። ዓመፁን የመሩት መሬት አልባ ተፈናቃዮች አለመሆናቸውን አስረዳ። መሪው ሰር ፌሊም ኦኒል ከሰፈራው ድርሻ ያገኘ፣ የደብሊን ፓርላማ አባል የነበረ ባላባት ነው። ችግሩ ዕዳ ነበር፤ እሱም ሆነ መሰሎቹ መሬታቸውን በወለድ አገድ አስይዘው ከእጃቸው እየወጣ ነበር። የስኮትላንድ ሰዎች ከ1638 ጀምሮ መሣሪያ አንሥተው ንጉሡን አስገድደው የፈለጉትን ሲያገኙ አዩ፤ የለንደን ፓርላማ ደግሞ ካቶሊክነትን ጨርሶ ሊያጠፋ ነው የሚል ስጋት ነበር።

ጥቅምት 22 ቀን 1641 ማታ ፌሊም ኦኒል ለእራት ብሎ ቻርለሞንት ምሽግ ገባና ጋባዡን ሎርድ ኮልፊልድን አስሮ ምሽጉን ያዘ። በማግስቱ የደብሊንን ግንብ ለመያዝ የታሰበው ግን በዚያው ሌሊት በጥቆማ ከሸፈ። ፌሊም ጥቅምት 24 ቀን ደንጋነን በተባለ ከተማ ያወጣው አዋጅ ዓመፁ በንጉሡም በእንግሊዝም በስኮትላንድም ሰው ላይ እንዳልሆነ፣ ለነጻነታቸው መከላከያ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሆነውን ስናይ፣ አለ ይህ አባል፣ መሪዎቹ ያስነሡትን እሳት ሊቆጣጠሩት አልቻሉም።

ምላሽ 4
ቀን መቁጠር የሚወድ አባል ገባ። በዚያን ጊዜ እንግሊዝና አየርላንድ የሚጠቀሙት በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ዓመፁ የታወቀበት ጥቅምት 23 በእኛ ጥቅምት 26 ቀን 1634 ዓ.ም. እንደሚውል አስልቶ አቀረበ። አስልቼ አይቼዋለሁ፤ ትክክል ነው።

ምላሽ 5 እና 6
ከዚያ ወሬው ጎንደር ገባ። አንዱ ዘመኑ የዐፄ ፋሲል መሆኑን አስታወሰ፤ ሌላው በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ ስለ ካቶሊክ እምነት የፈሰሰውን ደም አንሥቶ ከአየርላንዱ ጋር ሊያመሳስል ሞከረ።

ምላሽ 7
አወያዩ ለጎንደሩ ጉዳይ ሌላ ክር እንዲከፈት ጠይቆ ሁሉንም ወደ መበለቷ መለሰ።

ምላሽ 8
ከክሩ ሁሉ ልቤን የሞላው ይህ ነው። ጸሐፊዋ የቤተ መዛግብት ባለሙያ ነች። ማንኛውንም ቃል ከማንበብ በፊት ቃሉን ማን እንደጠየቀ ማየት እንደሚገባ ጻፈች። ታኅሣሥ 23 ቀን 1641 የደብሊን መንግሥት፣ ማለትም አየርላንድን በእንግሊዝ ዘውድ ስም የሚያስተዳድረው፣ ስምንት የፕሮቴስታንት ቄሶችን ያቀፈ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ሰብሳቢው የኪልሞር ዲን (የካህናት አለቃ) ሄንሪ ጆንስ ነው። ያ የመጀመሪያ ትእዛዝ ስለ ዘረፋና ስለ ንብረት ጥፋት ነበር የሚናገረው። ሸሽቶ የመጣው ሰው ምን እንደጠፋበት፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደወሰደበት ይጠየቃል። ስለ ግድያ እንዲመረመር የታዘዘው በጥር 18 ቀን 1642 ነው፤ ትእዛዙ የተሻሻለው በቄሶቹ ፊት የሚቀርበው ሁሉ የሞተበትን እየተናገረ ስላስቸገረ እንደሆነ መገመት እንደማያዳግት አከለችበት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የእናቲቱ ሳይሆን የጠያቂዎቹ ነው። አንቀጾቹ በሁሉም ቃል ላይ ተመሳሳይ የሆኑት፣ ተዘረፈች ተነጠቀች የሚሉት ቃላት ከሰው ሰው የማይለወጡት ለዚህ ነው። ብዙዎቹ ሴቶች መጻፍ ስለማይችሉ ከታች የመስቀል ምልክት ነው ያደረጉት። እናትየዋ ምን ብላ እንደጀመረች፣ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ላም ይሁን የልጇ ስም፣ ወረቀቱ አይነግረንም።

ምላሽ 9
ልጁ ተመልሶ መጣ። ስለ ቅደም ተከተሉ የተሰጠውን መልስ ተቀብሎ፣ የገንዘቡ ነገር ግን እንደማይዋጥለት ተናገረ። ተራ ገበሬ በመቶ የሚቆጠር ፓውንድ ከየት አመጣ ሲል ሞገተ።

ምላሽ 10
በሂሳብ ሥራ የሚተዳደር አባል ወረቀቱን እንደ ደረሰኝ እየመረመረ አስረዳ። 12 ፔኒ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ መሆኑን አስቀድሞ፣ ድምሩን የሚያሳብጡት ላሞቹ ሳይሆኑ ሁለት ሌሎች ነገሮች መሆናቸውን አሳየ። አንዱ የኪራይ ዘመን ነው፤ ለ20 ወይም ለ30 ዓመት የተዋዋለው ሰው የቀረውን ዘመን ትርፍ በኪሳራ ያስመዘግባል። ሌላው ብድር ነው። ሰፋሪው ያበደረው ሰው ወይ ዐምፆ ጫካ ገብቷል፣ ወይ እሱም እንደ አበዳሪው ተዘርፎ ደብሊን ለልመና ወጥቷል። በሁለቱም መንገድ ገንዘቡ አይመለስም፤ ስለዚህ ከላሙ ጋር አብሮ ይደመራል።

ማጋነን አልነበረም አላለም። ኋላ ካሳ ይመጣል የሚል ተስፋ ያለው ሰው ዋጋ ከፍ እንደሚያደርግ አልሸሸገም። ነገር ግን ዝርዝሩን አንብቦ የማያምን ሰው ዝቅተኛዎቹንም ያንብብ አለ፤ ሁለት ላም፣ አንድ ፈረስ፣ የለበሱት ልብስ ብቻ ያላቸው ሠራተኞችም ቀርበው ምለዋል። ከእነዚህ ጋር የሚጋነን ምን ነገር አለ?

ከዚህ ምላሽ አንድ ነገር ይዤ ቀረሁ። ተበዳሪዎቹ በስም ተጽፈዋል፤ ዘራፊዎቹም በስም ተጽፈዋል። በየቃሉ ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ዓመፁ ከየትኛው ቤት ተነሥቶ ወደየትኛው ቤት እንደሄደ ያያል።

ምላሽ 11
ለረጅም ዓመታት ሰሜን አየርላንድ የኖረች እህት ስለ ፖርታዳውን ጻፈች። በኅዳር 1641 ወደ መቶ የሚጠጉ ሰፋሪዎች ወደ ባን ወንዝ ተነዱ፤ ከተሰበረው ድልድይ ላይ ወደ ውሃው ተገፉ፤ ሊዋኝ የሞከረውም ተመታ። ኤልዛቤት ፕራይስ የተባለች የአርማ ሴት አምስት ልጆቿ እዚያ እንደሰጠሙ ምላ ተናግራለች። በዚያው ቃሏ ላይ በኋላ ወንዙ ዳር ሄዳ ሳለ እስከ ወገቧ ከውሃው የወጣች፣ ሴት የምትመስል የሙት መንፈስ በቀል እያለች ስትጮህ ማየቷን አስመዝግባለች። ይህች እህት እንዳለችው ያ ድልድይ እስከ ዛሬ ኦሬንጅ በተባለው የፕሮቴስታንቶች ማኅበር ሰንደቆች ላይ ተሥሎ በሐምሌ ሰልፍ አደባባይ ይወጣል። ጎዳናው ዳር ቆማ አይታዋለች፤ አጠገቧ የነበሩ ካቶሊክ ጎረቤቶቿ ፊታቸውን ሲያዞሩም አይታለች።

ምላሽ 12
እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። አንድ አባል ሰንደቁም ልቅሶውም የቀማኛ ልቅሶ እንደሆነ ጻፈ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ ከ1607 ጀምሮ የተወጋው አየርላንዳዊው መሆኑን፣ የሰፋሪዋ ላም የበላችው ሣር እንኳ የሰው ሣር መሆኑን አስረግጦ ተናገረ። የሙት መንፈሱንም ጉዳይ ተረት ነው ብሎ አጣጣለ።

ምላሽ 13
መልሱም እንደዚያው የሚለበልብ ነበር። ያንኑ ተረት መልሶ የወረወረለት ሰው ፖርታዳውን ላይ የተወጋው ማን እንደሆነ ጠየቀው። በ1630ዎቹ አልስተር ውስጥ የተወለደ ሕፃን መሬት ያልቀማ፣ ሌላ አገር የማያውቅ መሆኑን፣ ሸማኔውና የቤት ሠራተኛዋም ቢሆኑ የዘውዱን ካርታ እንዳልሣሉ አስታወሰው። ሕፃን በውሃ ሲሰጥም የመሬት ካርታ የሚያወጣ ሰው ልቡን ይመርምር ብሎ ጨረሰ።

ምላሽ 14 እና 15
ሁለቱ ስድብ ውስጥ ገቡ። አወያዩ ሁለቱንም ጽሑፎች አንሥቶ አስጠነቀቀ።

ምላሽ 16
እትዬ የምንላቸው እናት ጻፉ፤ ክሩም ረጋ አለ። እሳቸው ያነበቡት ስለ ልብስ ነው። ከቃል ቃል የሚደጋገመው ግድያ ሳይሆን ልብስ መገፈፍ እንደሆነ አስተውለዋል። አማፂዎቹ ቤተሰቡን ያስወጡታል፤ የለበሰውን ሁሉ ያወልቁታል፤ ከዚያ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ በበረዶ ላይ ራቁቱን ወደ ደብሊን ወይም ወደ ቅርብ ወደብ ይነዱታል። በሰይፍ ከሞተው ሌላ በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ የሞተው ብዙ ነው። ደብሊን የደረሱትም በየቤተ ክርስቲያኑና በየበረቱ ተጠጉ።

እትዬን ያንገበገባቸው ግን ገፋፊው የታወቀ ሰው መሆኑ ነው። ሴትየዋ ካባዬን የወሰደው እገሌ ነው፣ የእገሌ ልጅ፣ ከእኛ ማዶ የሚኖረው፣ እያለች ነው የምትናገረው። በዓይን የምትታወቀው ሴት ካባዋን ለብሳ ገበያ ስትሄድ ታይታለች። የእንግሊዝ ዘር ናቸው ተብለው ከብቶች ሳይቀሩ የታረዱበት ቦታ መኖሩንም አነሡ፤ ሥጋው ቀርቶ ጥላቻው እንዲህ ሲያይል አስፈርቷቸዋል። በዚያው መጠን ደግሞ ከእነዚሁ ቃሎች ውስጥ የሸሸገ አየርላንዳዊ ጎረቤት፣ ዳቦ ያቀበለች ሴት፣ ሌሊት በዱር መንገድ የመራ ሎሌ እንዳሉ፣ የዳኑትም ይህን ሳይደብቁ በመሐላ ማስመዝገባቸውን ጽፈዋል።

ምላሽ 17
የእትዬን ነገር ተከትሎ አንዱ የጳጳሱን የዊሊያም ቤዴልን ታሪክ አመጣ። ቤዴል እንግሊዛዊ ሆኖ የካቫን አውራጃ ኪልሞር ጳጳስ ነበር፤ ብሉይ ኪዳን ወደ አየርላንድ ቋንቋ እንዲተረጎም ያደረገው እሱ ነው፤ የታተመው ግን ከሞተ በኋላ በ1685 ነው። ዓመፁ ሲነሣ ቤቱ ለሸሹት ሁሉ መጠለያ ሆነ። አማፂዎቹ በሐይቅ መካከል ባለ ግንብ ውስጥ ቢያስሩትም ክብሩን አልነኩም። በየካቲት 1642 ሲሞት አማፂዎቹ ራሳቸው አጅበው፣ ጠመንጃ ተኩሰው ቀበሩት። ይህ ጸሐፊ ያከለው ነገር ብዙዎቻችንን አስገርሟል፤ ኮሚሽኑን የመራው ሄንሪ ጆንስም ከዚያው ከካቫን የመጣ፣ በአማፂዎቹ እጅ የነበረ ሰፋሪ ነው። የካቫን አማፂዎች አቤቱታቸውን ወደ ደብሊን እንዲያደርስላቸው የላኩትም እሱን ነው። ጠያቂው ራሱ ከተጎጂዎቹ አንዱ ነበር ማለት ነው።

ምላሽ 18
የቁጥር ጥያቄ ተነሣ። ሮበርት ማክስዌል የተባለ ቄስ በፌሊም ኦኒል እጅ ታስሮ ከቆየ በኋላ በ1642 በሰጠው ቃል፣ አማፂዎቹ ራሳቸው ቆጥረውታል ብሎ የአልስተርን ሟቾች 154,000 አድርሷቸዋል። ጆን ቴምፕል በ1646 ለንደን ባሳተመው መጽሐፍ በሁለት ዓመት ውስጥ የተገደሉት፣ የጠፉትና የተባረሩት ከ300,000 በላይ ናቸው አለ። ያን ጊዜ በአልስተር 154,000 ሰፋሪ አልነበረም። የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ግምት በሰው እጅ የተገደሉትን 4,000 ገደማ፣ በብርድና በበሽታ ያለቁት ሲጨመሩ እስከ 12,000 ያደርሰዋል። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ ቃሎቹ በሙሉ የማይታመኑ መሆናቸውን አወጀ።

ምላሽ 19
ይህ የእኔ ነው። ከቁጥሩ ተነሥቶ ቃሎቹን ሁሉ መጣል ትክክል እንዳልሆነ ጻፍኩ። ቃሎቹ ውስጥ ያየሁትና የሰማሁት ተለያይተው ነው የሚቀመጡት። ሴትየዋ ቤቷ ሲቃጠል አይታለች፤ ባሏን ማን እንደመታው አይታለች፤ ይህን በገዛ ዓይኗ እንዳየች ትናገራለች። በሌላ አውራጃ ስንት ሰው እንደሞተ ስትጠየቅ ደግሞ ሲባል እንደሰማች፣ አማፂዎቹም ሲፎክሩ እንደሰማች ትናገራለች፤ ቃሏን የጻፈው ሰው ልዩነቱን ወረቀት ላይ ጠብቆታል። ማክስዌልም ሰዎቹን ቆሞ አልቆጠረም፤ የተነገረውን ነው የተናገረው። ሁለቱን አደባልቀው የተሰማውን ሁሉ በዓይን የታየ ያስመሰሉት ለንደን ላይ መጽሐፍና በራሪ ጽሑፍ ያሳተሙት ናቸው። በእነሱ ማጋነን የተነሣ መበለቷን ውሸታም ማለት ሁለተኛ ዘረፋ ነው፤ አሁንም እንደዚያው ነው የማምነው።

ምላሽ 20
አንዱ ሰነዶቹን በኢንተርኔት ከፍቶ ሲያይ ብዙ መስመሮች ተሠርዘው አገኘ። ሲሠረዝ ያየ ሁሉ ማጭበርበር ይጠረጥራልና እሱም ጠረጠረ፤ ማስረጃ የተሰረዘበት መዝገብ በፍርድ ቤት ዋጋ እንደሌለው ጻፈ።

ምላሽ 21
የቤተ መዛግብት ባለሙያዋ ተመለሰች። ጥርጣሬው አዲስ አይደለም፤ በቀደሙት ዘመናት ታሪክ ጸሐፊዎችም እንዲሁ ጠርጥረው ቃሎቹን ጥለዋቸው ነበር። በኋላ ግን ስረዛው ምን እንደሆነ ተደርሶበታል። የኮሚሽኑ ጸሐፊ ቶማስ ዌሪንግ ከቃሎቹ ውስጥ ወደ እንግሊዝ የሚላክ ግልባጭ ሲያዘጋጅ፣ ለግልባጩ የማይፈለገውን መስመር ያሰምርበት ነበር። ለንደን የሚፈለገው ጭፍጨፋው ነው። ስለዚህ በብዛት የተሠረዙት የንብረት ዝርዝሮቹ ናቸው፤ ላሞቹ፣ አጃው፣ ድስቱ፣ ብድሩ።

ይህን ሳነብ ከመነሻው ጥያቄ ጋር ገጠመብኝ። ሴትየዋ በታኅሣሥ ስትመጣ ስለ ላሟ ተጠየቀች፤ የልጇ ሞት ዓምድ አልነበረውም። ፖለቲካው ሲለወጥ የልጇ ሞት ተፈለገ፤ ላሟ ተሠረዘች። በሁለቱም ጊዜ የሷን ሙሉ ነገር የፈለገ አልነበረም። ሰው ቤቱን፣ ከብቱንና ልጁን በአንድ ሌሊት ሲያጣ ሐዘኑን በየዓይነቱ ለይቶ አያስቀምጥም፤ ላሚቷ እኮ የልጁ ወተት ነበረች።

ምላሽ 22 እና 23
ስለ ትሪኒቲ ኮሌጅ ሲወራ ደብሊን የሚኖር አንድ ወንድም ጥንታዊውን የኬልስ መጽሐፍ ለማየት ስለሚሰለፈው ሕዝብ፣ ከዚያም ስለ ከተማዋ የቤት ኪራይ ውድነት አወራ። ሌላውም የኪራዩን ነገር አጸደቀ።

ምላሽ 24
የምላሽ 12 ጸሐፊ ተመለሰ፤ አሁን ስድቡን ትቶ በማስረጃ ነው የመጣው። የሰፋሪዎቹ ቃል ምን እንዳስከተለ ዘረዘረ። በመጋቢት 1642 የለንደን ፓርላማ ገንዘብ ለሚያበድሩት ባለሀብቶች ከአማፂዎች የሚወረስ 2.5 ሚሊዮን ኤከር መሬት በሕግ ቃል ገባ። ያን ጊዜ አማፂዎቹ ገና አልተሸነፉም፤ መሬቱ ግን አስቀድሞ ተሸጠ። የእንግሊዝ ፓርላማ የጦር አዛዥ ክሮምዌል በ1649 ድሮሄዳና ዌክስፎርድ የተባሉትን የአየርላንድ ከተሞች ሲፈጅ የ1641ን ደም መበቀል ብሎ ነው የጠራው። በ1652 የወጣው ሕግ ካቶሊክ ባለመሬቶችን አስነቅሎ በምዕራብ አየርላንድ ወዳለው ወደ ኮናክት ገፋቸው። በ1641 ካቶሊኮች ከአየርላንድ መሬት 59 በመቶ ገደማ ነበራቸው፤ በ1688 ወደ 22፣ በ1703 ወደ 14 በመቶ ወረደ። የመበለቷ ላም ስንት ኤከር እንዳስከፈለች ቆጥራችሁ ንገሩኝ አለ። ይህን ምላሽ ማንም አልናቀውም፤ እኔም በአክብሮት ነው ያነበብኩት።

ምላሽ 25
ሌላው ጨመረለት። በጥር 1642 አይላንድማጊ በተባለ ልሳነ ምድር ላይ ስኮትላንዳውያን ሰፋሪዎችና ወታደሮች ካቶሊክ ቤተሰቦችን ከነሕፃናታቸው ገደሉ። የደብሊን መንግሥት የጦር አለቃ ቻርልስ ኩትም በዊክሎ ያገኘውን ሁሉ እየገደለ ነበር የሄደው። ጸሐፊው የእነዚህን ሟቾች ስም የጠየቀ ቄስ፣ የመዘገበ ኮሚሽን እንዳልነበረ አስረዳ።

ምላሽ 26
ጋሼ ይህን አንድ ነገር አረሙት። ከ1652 እስከ 1654 ለተቋቋመው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲባል አዲስ ምርመራ ተደርጓል፤ የአይላንድማጊ ሰዎች ቃል በ1653 ተወስዷል፤ ከሌሎቹም ጋር ዛሬ ትሪኒቲ ይገኛል። ምንም አልተጻፈም ማለት ልክ እንዳልሆነ ተናግረው፣ የተጻፈው ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ መሆኑን፣ ያውም ከብቱን፣ አጃውንና ድስቱን ለማስመዝገብ የቀረበ ካቶሊክ ገበሬ እንዳልነበረ አመኑ። በ1607ም ሆነ በ1609 ከመሬቱ ለተነሣው ሰው እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚቀበል ወንበር አልተዘጋጀም ነበር።

ምላሽ 27
በምላሽ 13 የጻፈው ሰው አለሰለሰ። ሁለቱ ኪሳራዎች አንዱ ሌላውን እንደማይሰርዝ፣ የአልስተሩ ሕፃን ሞት በኮናክት ተፈናቃይ እንደማይወራረድ ጻፈ። በ1662 የአየርላንድ ፓርላማ ጥቅምት 23ን በየዓመቱ በየቤተ ክርስቲያኑ ስብከት የሚሰበክበት የምስጋና ቀን ማድረጉን አስታውሶ፣ ሐዘኑ ወደ መበለቶቹ ሳይመለስ ወደ ድል አድራጊዎቹ መዞሩ እንደሚያሳዝነው ገለጸ።

ምላሽ 28
አንዱ የአገራችንን መፈናቀልና ካሳ ሊያነሣ ሲጀምር ወዲያው በሁለት መስመር ውስጥ ጠብ ሸተተ። አወያዩ እዚያው አስቆመው።

ምላሽ 29
ክሩን የከፈተው ልጅ ተመልሶ፣ ስለ እናቲቱ የጻፈውን ከመነሻው ጽሑፍ ላይ እንዳነሣው አሳወቀ። ስለ መሬቱ ግን አቋሙን አልለወጠም፤ በተቀማ መሬት ላይ ያለ የኪራይ ዘመን እንደ ኪሳራ ሊቆጠር አይገባም፤ ላሟና ድስቷ ግን የሷ ናቸው ብሎ ለይቷል። ቢያንስ መስመሩን የት እንዳሰመረ በግልጽ ተናግሯልና አከብርለታለሁ። ሆኖም ኪራዩን ለ20 ዓመት ከላቧ የከፈለች ሴት ውሉ ባዶ ነበር ስትባል ምን እንደሚሰማት ጠይቄዋለሁ፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።

ምላሽ 30
እትዬ አንድ የቀረ ጥያቄ ጠየቁ። እነዚያ ሁሉ ድምሮች፣ ያ ሁሉ ፓውንድና ሺሊንግ፣ ለባለቤቶቹ ተከፍሎ ያውቃል ወይ?

ምላሽ 31
የሂሳብ ባለሙያው መለሰላቸው። የምስክርነቱ ወረቀት ተዘርፋለች የሚል ማረጋገጫ ነበር እንጂ የሚመነዘር ሰነድ አልነበረም። መንግሥት ጦሩን የሚከፍልበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ደብሊን የተጠጉት በምጽዋት ነው የኖሩት። መሬቱ ከተወረሰ በኋላም ድልድሉ የተሠራው በ1642 ገንዘብ ላበደሩት ባለሀብቶችና ደመወዛቸው ለተጠራቀመ የክሮምዌል ወታደሮች ነው። ከወታደሮቹም ብዙዎቹ ድርሻቸውን በርካሽ ለመኮንኖቻቸው ሸጠው ሄዱ። ላም ጠፋብኝ ብላ ለማለች መበለት በዚያ ድልድል ውስጥ የተመደበ ዓምድ አልነበረም።